አናጢው አበጀና የጉና ተራራ

ባለፈው ሳምንት ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ ከሚለይበት መገንጠያ አለፍ ብዬ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከጀርባዬ አዲስ የተላገ የዋንዛ ሽታ መጣና ባለሁበት አቆመኝ። ወረታ የእንጨት ሥራ ቤት አላጣችም፤ ነገር ግን ዛሬ ዛሬ አብዛኛው የሚሠራው ከፋብሪካ በሚመጣ ጣውላ ስለሆነ በደጃቸው ሲያልፉ የሚሸተው ሙጫና ቀለም ነው። ያን ቀን አንዱ፣ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ በማሽን እየላገ ነበር፤ ያ ትንሽ ማር ማር፣ ትንሽ እርጥብ አፈር አፈር የሚል ሽታ በጭነት መኪናው ጭስና በሩዝ መፈልፈያው አቧራ መካከል አልፎ ደረሰኝ። ባጃጁ መጥቶ ጥሩምባውን ቢነፋም እኔ ሳልንቀሳቀስ ስቀር ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ።

«ጋሼ፣ ምን ፈልገው ነው?» አለኝ አናጢው ማሽኑን አጥፍቶ።

«ምንም አልፈለግሁም። ሽታው ነው።»

ግራ ገብቶት እጁን አንስቶ አሸተተ። ምን ብዬ ላስረዳው? አበጀ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ ከሞተ ዓመት አልፎታል፣ ይህን ሽታ በሸሚዙና በፀጉሩ፣ በምሳ ዕቃው ሳይቀር ይዞት ይዞር ነበር ብል ለማያውቀው ሰው ምን ይረባዋል? አመስግኜው በእግሬ ወደ ቤቴ መንገድ ገባሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አበጀ ከሐሳቤ አልወጣም።

እኔና አበጀ የተወለድነው ከወረታ ወደ ጣና በኩል የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚያስኬድ መንደር ነው። ፎገራን ያላየ ሰው ሜዳ ሲባል ምን ያህል ሜዳ እንደሆነ አይገባውም። ከቤታችን ደጅ ቆሞ ወደ ሐይቁ ያየ ሰው ዓይኑን የሚያግድበት ነገር የለም፤ ላም ብትጠፋብን እንኳ ወዴት እንደሄደች ለማወቅ እጅን በግንባር ላይ ጥሎ ማየት ይበቃ ነበር። በመንደራችን ከፍ ያለ ነገር ቢቆጠር የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ፣ የአያ ተገኘ የጭድ ክምርና አባቴ ተማሪዎቻቸውን የሚያስተምሩበት ዋርካ ነበሩ፤ ሌላ የለም። ክረምት ሲገባ የርብ ወንዝ ከአፉ ሞልቶ ይፈስና ያ ሁሉ ሜዳ ውሃ ይሆናል፤ ከጎረቤት ጎረቤት በደንገል ታንኳ እንሄዳለን፣ ዶሮዎች ጣሪያ ላይ ያድራሉ፣ እንቁራሪት ከመደብ ሥር ይንጫጫል፣ የእኛ የልጆቹ እግር ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደርቆ አያውቅም። መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽ ጥቁሩ ጭቃ ፀሐይ እየመታው ይተነፍስና ሽንብራና ጓያ ይዘራበታል፤ የዚያ ጭቃ ሽታ አሁንም በአፍንጫዬ አለ።

አበጀ እንዲህ ባለ አገር ተወልዶ ምን እንደነካው አይታወቅም፣ ከፍታ ይወድ ነበር። ስፈልገው መሬት ላይ አግኝቼው አላውቅም። የአያ ተገኘ ጭድ ክምር ላይ ወጥቶ ክምሩን በማፍረሱ ስንት ጊዜ በአለንጋ ተባሯል። አባቴ የኔታ ይባሉ ነበር፤ የደብሩ ቄስና የዳዊት መምህር ናቸው። አንድ ቀን በዋርካው ሥር ተሰብስበን ስንማር አበጀ ከመካከላችን ጠፋ። አባቴ ቀና ቢሉ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል።

«አንተ ልጅ፣ ዳዊት የሚደገመው በምድር ነው፤ ውረድ!» አሉት።

«የኔታ፣ እዚህ ሆኜም ይሰማዎታል» አለና የዕለቱን ድርሻ ከራሱ እስከ ግርጌው አንድ ፊደል ሳይስት ከዛፍ ላይ ደገመው። አባቴ አለንጋቸውን እንደያዙ ጨርሶ እስኪወርድ ጠበቁት፤ ሲወርድ ግን መምታቱን ረሱት፣ ወይም የረሱ መሰሉ።

ከመስቀል በኋላ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ማለዳ ላይ በምሥራቅ በኩል፣ ከሁሉም ኮረብታ ኋላ ጉና ብቅ ይላል። ቀን ቀን ጭጋግ ይውጠዋል፤ ማለዳ ግን ሰማያዊ ሆኖ፣ እንደተኛ በሬ ጀርባ ጎበጥ ብሎ ይታያል። እኛ ሌሎቹ አንድ ጊዜ አይተን ወደ ጨዋታችን እንሄዳለን። አበጀ ከብቶቹ ሩዝ ማሳ ገብተው እስኪባረሩ ድረስ ቆሞ ያየዋል።

«ጌትነት፣ እዚያ ላይ የቆመ ሰው ምን ያያል?» ይለኛል።

«ብርድ» እለዋለሁ።

አበጀ የእንጨት ሙያውን የተማረው ከእናቱ ወንድም ነው፤ ሞፈርና ቀንበር፣ የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት የሚሠሩ ጎበዝ አናጢ ነበሩ። አበጀ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ለአባቴ አትሮንስ ሠርቶ አመጣላቸው፤ መጽሐፍ ተዘርግቶ የሚነበብበት፣ እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚታጠፍ፣ ከአንድ ሳንቃ ብቻ ተፈልፍሎ የወጣ። አባቴ ከፈቱት፣ አጠፉት፣ ገልብጠው አዩት፣ እንደገና ከፈቱት።

«ምስማር የለውም?»

«የለውም የኔታ።»

«ሙጫስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን ያዘው?»

«ራሱን በራሱ ነው የያዘ» አለ አበጀ፣ እየተሽኮረመመ። አባቴ ያን ቀን እንግዳ በመጣ ቁጥር አትሮንሱን እየከፈቱና እያጠፉ ሲያሳዩ ዋሉ፤ ማታ እናቴ «ይኼን ነገር መጽሐፍ አይነካውም እንዴ?» እስክትላቸው ድረስ።

አሥረኛ ክፍል በደረስንበት ዓመት፣ በጥምቀት ማግስት፣ አበጀ ጉና እንውጣ አለኝ። ለቤተሰቦቻችን ደብረ ታቦር ዘመድ ልንጠይቅ ነው አልን። አንድ ገመድ ነበረን፣ እሱ ራሱ ከቃጫ የገመደው፤ ሁለት ጋቢ፣ አንድ አቁማዳ በሶና የላስቲክ ጫማ። በጨው ጭነት ላይ ተሳፍረን ደብረ ታቦር ገባን፣ በማግስቱ ክምር ድንጋይ የምትባለው ከተማ ደረስንና ከዚያ በእግራችን ጀመርነው። እኔ እስከዚያን ቀን ድረስ ዳገት የሚባል ነገር በእግሬ አላውቅም። ሜዳ ላይ ያደገ እግር ዳገት ሲገጥመው እንደሚያፍር እንግዳ ነው፤ የት እንደሚቀመጥ ይጠፋዋል። የገብሱን ማሳ አልፈን፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ አልቆ ሣሩና ጅብራ የሚባለው፣ ሰው የሚያህለው የውርጭ ተክል ብቻ ሲቀር፣ ጉም ወረደብን። ጅብራዎቹ ጋቢ ተከናንበው የቆሙ ሰዎች እየመሰሉ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ራሴን ፈለጠኝ፣ የበላሁት በሶ ሁሉ ወጣ፤ በመጨረሻም ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና አልነሳም አልሁ።

አበጀ ደግፎ ወደ ታች መለሰኝና በግ አርቢዎች ቤት አስገባኝ፤ የቤቱ እመቤት እሳት ዳር አስቀምጣ ለምድ አለበሰችኝ።

«ካንተ ጋር ልቅር እንዴ?» አለኝ በሩ ላይ ቆሞ። አፉ እንዲህ ይላል፣ ፊቱ ግን ወደ ላይ ዞሯል።

«ሂድ» አልሁት። ሄደ።

ከቀትር በኋላ ተመለሰ፣ ቅንድቡ ላይ አመዳይ ይዞ። ከአጠገቤ ተቀመጠና እጁን እያሟሟቀ ያየውን ሁሉ ነገረኝ፦ ጣና እንደ ሰፊ ትሪ ተዘርግቶ፣ ፎገራ ከነከብቱ፣ የደብራችን ቆርቆሮ ፀሐይ መትቶት ሲያበራ፣ ከአጠገቡም የአባቴ ዋርካ። እኔ የታመምሁትን ረስቼ አፌን ከፍቼ ሰማሁት። ቤታችን ስንገባ ወሬው ቀድሞን ኖሮ መንደሩ ተሰብስቦ ጠበቀን፣ ሊቆጣም ሊደነቅም ተዘጋጅቶ። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጌትነት፣ ወጣህ?»

አፌን ልከፍት ስል አበጀ ቀደመኝ። «ወጣን የኔታ። ሁለታችንም ወጣን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉናን የወጣሁ ሆንሁ። አባቴ ለእንግዳ ሁሉ ሲያስተዋውቁኝ በዚያ ጀመሩ። ያን ጊዜ ባርመው ኖሮ አንድ ቀን ተስቆበት ባለፈ ነበር፤ አላረምሁትም፣ እያደር ደግሞ ማረሙ ከበደኝ። ይባስ ብዬ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆንሁ። በየዓመቱ ስለ ተራራ ሳስተምር ከጉና ጫፍ ምን እንደሚታይ ለተማሪዎቼ እተርካለሁ፣ በየዓመቱም አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። አንድ ጊዜ አበጀ የትምህርት ቤቱን መስኮት ሊጠግን መጥቶ ከውጭ ሆኖ ሲያዳምጠኝ ኖሯል። ስወጣ መላጊያውን እያራገፈ «ሁሉም ደህና ነው፤ የጎንደርን ግንብ ግን ብትተወው» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም፣ ለሰውም አልነገረም።

እሱ ወረታ ላይ ሥራ ቤት ከፈተ። በፎገራ እርጥበት በርና መስኮት ክረምት በመጣ ቁጥር ያብጣል፤ በትከሻ ተገፍቶ የሚከፈት፣ በእግር ተረግጦ የሚዘጋ ነው። የአበጀ በር ግን ነሐሴም ሆነ ሚያዝያ በአንድ ጣት ይከፈታል። ምሥጢሩ ሳንቃውን ሁለት ክረምት ሳያልፍበት አለመንካቱ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ሚስት ሊያገባ የተጣደፈ ሰው አልጋ ሊያሠራ መጥቶ ሲለማመጠው «እንጨቱ ገና ይንቀሳቀሳል፤ ሠርግህን ግፋው» ያለውን አውቃለሁ። ሰውየው ሠርጉን አልገፋም፣ አልጋውን ሌላ ዘንድ አሠራ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አልጋው ሲንቋቋ ይዞት ወደ አበጀ መጣ።

መካከል ላይ ሦስት ዓመት ሰሜን ተራሮች ሄዶ ለጎብኚዎች የእንጨት ቤት ሠራ፤ እግረ መንገዱን ራስ ዳሸንን ስንት ጊዜ እንደወጣው ራሱም አያስታውሰውም። ሲመለስ ጎብኚዎች የሰጡትን ረጅም ሰማያዊ ገመድና ቀይ የተራራ ጫማ ይዞ መጣ። በዚያ ጫማ የወረታን ገበያ ሲያቋርጥ ሰው ሁሉ እህሉን መስፈር ይተው ነበር። በየዓመቱ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ሥራ ቤቱን ይዘጋና ጉና ይሄዳል። አንዱ ከዚያ ማዕድን አግኝቷል አለ፣ ሌላው ስለት አለበት አለ። ሚስቱ ስመኝ ደግሞ «ሰው ከተራራ ወርዶ ሜዳ ይሰፍራል፤ የእኔ ባል ሜዳውን ትቶ ድንጋይ ይቧጥጣል» እያለች ስንቁን ትቋጥርለታለች። እኔም አንድ ቀን ምን እንደሚያገኝበት ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና «ከዚያ ስመለስ መጋዙ ይቀለኛል» አለኝ።

አንድ ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ አባቴን ልጠይቅ ከወረታ ወደ መንደር ወርጄ ነበር። አባቴ ሱባዔ ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አይወጡም። በማለዳ ርብ ዳር ዳሩን የተሠራለትን የአፈር ግድብ ሰብሮ መጣ። እኛ የለመድነው ቀስ ብሎ የሚሞላ ውሃ ነው፤ ይኼ ግን ዛፍ እየነቀለ የሚሮጥ ነበር። ቅጥሩ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ወደዚያ የሸሹ ሴቶችና ሕፃናት ከአባቴ ጋር ተከበቡ፤ እኛ ደግሞ በዚህ በኩል በመንገዱ ከፍ ያለ የአፈር ድልድል ላይ ቆመን እናያለን። በመካከላችን መቶ እርምጃ የሚሆን ውሃ ይገሰግሳል። አንድ ታንኳ ተሞከረ፣ ገና ከመግባቱ ተገለበጠ፤ ባለታንኳውን በመከራ ጎትተን አወጣነው። የሱባዔ ጎጆዎቹ የጭቃ ግድግዳ እየተናደ ሲወድቅ ከማዶ ይሰማናል።

አበጀ ወሬውን ወረታ ሰምቶ ሲሮጥ መጣ፣ ሰማያዊውን ገመድ በትከሻው አጣምሮ። ማንንም አላናገረም። የገመዱን አንድ ጫፍ ከመንገዱ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ አሠረ፣ ሌላውን ወገቡ ላይ፤ ከዚያ ከላይ በኩል ርቆ ሄዶ ውሃው ራሱ እያወረደ ወደ ማዶ እንዲገፋው አድርጎ ገባ። ሁለት ጊዜ ራሱ ከዓይናችን ጠፋ። ሚስቱ ስመኝ ደርሳ ኖሮ ከአጠገቤ ቆማ ነጠላዋን በጥርሷ ቀድዳዋለች። በመጨረሻ የቅጥሩን ወይራ ሲጨብጥ አየነው። ገመዱን ከወይራው አሥሮ ወጠረው፣ በእያንዳንዱ ሰው ወገብ ላይም በገመዱ የምትንሸራተት የቃጫ ቀለበት አሠረ፣ እጅ ቢለቅ እንኳ ገላን የምትይዝ። ከዚህ በኩል ደግሞ ጎልማሶች ገመዱን ይዘን መካከሉ ድረስ ተደርድረን ሕፃናቱን እየተቀባበልን እንድናሻግር ጮኸ።

እኔ ደረቴ ድረስ ገባሁና እዚያው ቀረሁ። ከፊቴና ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ሕፃናቱን በእኔ ራስ ላይ እየተቀባበሉ አሳለፏቸው፤ እኔ ገመዱን በሁለት እጄ ጨብጬ እንደ ካስማ ቆምሁ። ከሁሉም መጨረሻ አባቴ ቀሩ። አበጀ በጀርባው አዝሎ በገመድ ጠፍሮ አመጣቸው፣ ዳዊታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ራሳቸው ላይ ይዘውታል።

«የኔታ፣ ዛሬ በቅሎዎ እኔ ነኝ፤ ብቻ አይኮርኩሩኝ» ሲል ይሰማኛል።

እኔ ዘንድ ሲደርሱ አባቴ ፊቴን አዩት። «አንተ ጉናን የወጣህ ልጅ ውሃ ፈራህ?» አሉኝ። ሊያበረታቱኝ ነው። እኔ ግን ከውሃው በላይ ጮኽሁ።

«አልወጣሁም አባባ! ጉናን አልወጣሁም። ግማሽ ላይ ነው የቀረሁ።»

ውሃው ይጮኻል፤ አባቴ በአበጀ ትከሻ ላይ ሆነው አፈጠጡብኝ። አበጀ ትንፋሹ እየተቆራረጠ «ጌቴ፣ አሁን ውሃውን እንውጣ፣ የጉናው በኋላ ይደርሳል። እግራቸውን ያዝልኝ፣ ከብዶኛል» አለ። እግራቸውን ያዝሁ። የአባቴ እግር እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር። እሱን እንደያዝሁ አንድ እርምጃ ተራመድሁ፣ ሌላም፤ እንዲሁ እያልን ድልድሉ ላይ ወጣን።

አባቴ ጋቢ ለብሰው ከተቀመጡ በኋላ ዳዊታቸውን ከላስቲኩ አውጥተው አገላበጡ። «ለስንቱ ተናገርሁት» አሉ በመጨረሻ። ቀጥሎ ወደ አበጀ ዞረው «ዋሽተኸኛል፤ ንስሐ ትገባለህ። አርባ ስግደት፣ የቤተ ክርስቲያኑን መስኮትም ታድሳለህ» አሉት።

«እሽ የኔታ። ጌትነትስ?»

«እሱማ ሃያ ዓመት ሙሉ ተሸክሞታል፤ ይበቃዋል። ውሃውንም ገብቷል።»

ከዚያ በኋላ በየጥምቀቱ አበጀ ስንቁን ይዞ በደጄ ያልፋል። «አትመጣም?» ይለኛል። አንድ ዓመት ፈተና ማረም ነበረብኝ፣ አንድ ዓመት የልጄ ሠርግ ደረሰ፣ አንድ ዓመት ጉልበቴን አመመኝ። «የሚመጣው ዓመት» እለዋለሁ፤ እሱም ተቆጥቶ አያውቅም፣ እጁን አውለብልቦ ይሄዳል። ልጁ መሠረት አሥር ዓመት ሲሞላት አብራው መሄድ ጀመረች። እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ፤ አባቴም አረፉ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ።

አበጀን መጀመሪያ የያዘው ሳል ነበር። ባሕር ዳር የመረመረው ሐኪም የዕድሜ ልክ ሰጋቱራ ሳንባውን እንደጎዳው፣ ልቡም እንደደከመ ነገረውና ዳገት ከለከለው። ሥራ ቤቱ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማንኪያና ማበጠሪያ ይቀርጽ ጀመር። እኔ ከቀትር በኋላ እየሄድሁ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ባጃጅና መኪና ሲተላለፍ እያየን ስለ ሞቱት ሰዎችና ስለ ሩዙ እናወራለን። አንድ ቀን የሚቀርጸውን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ድንገት «ያን ቀን እኔም ምንም አላየሁም» አለኝ።

«የትኛውን ቀን?»

«አንተ የታመምህ ቀን፣ ጉና። ጫፉ ላይ ስደርስ ጉም ነበር። እጄን እንኳ አላየሁትም። ጥቂት ቆምሁና ብርዱ ሲጠናብኝ ወረድሁ።»

«ታዲያ ጣናውስ? የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮስ? የአባቴ ዋርካስ?»

«እሳት ዳር ገርጥተህ ተቀምጠህ ሳይህ ጊዜ ባዶ እጄን ልምጣብህ?» አለ። ሳቀና ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ውሃ ሰጠሁት። ሲረጋጋለት «በኋላ ግን አይቼዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ። እንደዚያ አይደለም። አንተም ሂድና እየው ጌቴ፣ ጉልበትህ ሳይከዳህ» አለኝ።

«ድነህ አብረን እንሄዳለን።»

«እሽ» አለ፣ ማንኪያውን አንስቶ። ሁለታችንም አልዋሸንም ለማለት ይከብደኛል።

በኅዳር፣ ሰው ሩዝ በሚያጭድበት ወራት ሞተ። ቀብሩ ላይ አጨዳውን ትቶ ያልመጣ አልነበረም፤ በዚያ ክረምት በገመዱ ተሻግረው የዳኑት ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል፣ አስከሬኑን እየተቀባበሉ እነሱ ተሸከሙት። ስመኝ «ዳገት አትውጣ ተባለልኝ፣ ዳገት አትውጣ ተባለልኝ» እያለች ስታለቅስ ሰማኋት፤ በሕይወቱ ሳለ ያንኑ ስትለምነው የኖረች ሴት።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ የአበጀ ልጅ መሠረት ቤቴ መጣች። ደብረ ታቦር ነርስ ናት፤ እንደ አባቷ ጥቂት ነው የምትናገረው።

«ጋሼ ጌትነት፣ ዘንድሮ ጉና ከማን ጋር ልሂድ?» አለችኝ።

ጉልበቴን እንዳመመኝ ልነግራት አስቤ ነበር። አፌ ግን «ከእኔ ጋር» አለ። ባለቤቴ ስልሳ ሁለት ዓመቴ መሆኑን አስታወሰችኝና ሁለት ሹራብ ደራርባ አለበሰችኝ።

አሁን መንገዱ በመኪና ብዙ ይወስዳል፤ የቀረው ግን ለእኔ በቂ ነበር። በየሃያ እርምጃው እቆማለሁ። መሠረት አንድም ጊዜ እንበርታ ሳትለኝ፣ እኔ ስቆም ጫማዋን እንደምታስር ሆና እየቆመች፣ ከማለዳ እስከ ረፋድ አብራኝ ወጣች። ያን ጊዜ የተቀመጥሁበት ድንጋይ የቱ እንደሆነ ልለየው አልቻልሁም። ራሴን አመመኝ፣ አልፌው ሄድሁ። ከዚያ ድንገት የሚወጣ ነገር አለቀ፤ ከፊቴ ሰማይ ብቻ ቀረ።

ጥርት ያለ ቀን ነበር። እውነቱን ለመናገር የደብራችን ቆርቆሮ አይታይም፤ ከዚያ ርቀት ማንም ሊያየው አይችልም። ፎገራ በሙሉ አንዲት ገርጣ ያለች ሰሌን ሆና ከኮረብታዎቹ ሥር ተኝታለች። ጣና ከሰማዩ የሚለየው አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው፣ ትኩር ብለው ካላዩት ደመና ይመስላል። በሌላ በኩል ተራራ ከተራራ ኋላ እየተደራረበ እስከ ላስታ ድረስ ይሄዳል፤ በልጅነቴ ዓለም የሚያልቅበት የመሰለኝ ጉና ለካ በር ኖሯል። ንፋሱ በሣሩ ላይ ሲያልፍ ሣሩ ሁሉ ተኝቶ ይነሳል፣ ከታች የሆነ ቦታ በግ ይጮኻል። መሠረት ፈንጠር ብላ ተቀምጣ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ እያለቀሰች መሆኑን አውቄ አልተጠጋኋትም።

ስንወርድ ያየሁትን በልቤ ቅደም ተከተል አስያዝሁት። ከየቱ እንደምጀምር አሰብሁ፤ መጀመሪያ ንፋሱን፣ ቀጥሎ ጣና እንዴት ቀጭን እንደሆነ፣ የላስታን ተራሮች ግን ወደ መጨረሻ። የትኛው ላይ እንደሚስቅ፣ የትኛው ላይ «አልነገርሁህም?» እንደሚለኝ ሳይቀር ገምቼ፣ ቃሉን መርጬ፣ ምንም ሳልጨምር ልነግረው ተሰናድቼ ብዙ መንገድ ወረድሁ። አስታው ቁጥቋጦ ስንደርስ ነው ለማን እያሰናዳሁት እንደሆነ ትዝ ያለኝ፤ ያኔ ቆምሁ።

«ጋሼ፣ ደከመዎት እንዴ?» አለችኝ መሠረት ዞራ።

አልደከመኝም ነበር። ሚስት አለችኝ፣ ልጆችና የልጅ ልጆች አሉኝ፣ ያስተማርኋቸው ልጆች ወረታን ሞልተዋታል፤ ጉና ላይ ምን አየህ ብሎ እውነቱን ሊሰማ የሚጓጓ ሰው ግን አንድ ብቻ ነበረኝ፣ እሱንም ስንት ጥምቀት ሙሉ በደጄ አሳለፍሁት። መሠረት መልስ እየጠበቀች ስታየኝ ያሰናዳሁትን ሁሉ ከንፋሱ ጀምሬ ለእሷ ነገርኋት፤ እሷ ግን አብራኝ አይታው ነበር።